የአቃቂ ታሪክ ያለው በዕድር መዝገብ ውስጥ ነው

አቃቂ በሰቃን ለማያውቅ ሰው ስለ ከተማዋ ንገረው ቢባል፣ አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው የሚጠራው ሦስት ነገር ነው። ፋብሪካ፣ የወንዝ ሽታና የከባድ መኪና ሰልፍ። ታሪክ አነበብኩ የሚለው ደግሞ ባቡር ጣቢያውን ይጨምርበታል። ልብ ብላችሁ ከሆነ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሰው የለም። ብረቱ አለ፣ ጭሱ አለ፣ ሐዲዱ አለ፤ ሐዲዱ ዳር ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ዕድር አቋቁሞ፣ አርጅቶ የተቀበረው ሰው ግን የለም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ሰው ነው። የምለውም ነገር አጭር ነው፤ የአቃቂ ነዋሪ ታሪክ አልጠፋም፣ ግን በመጥፋት ላይ ነው። ያለውም ትልልቅ መጻሕፍት ውስጥ ሳይሆን በየሰፈሩ የዕድር ጸሐፊ ቤት፣ በሣጥን ውስጥ ነው። ሰፈሮቹ ሲፈርሱ ሣጥኑም አብሮ ይሄዳል።

አስቀድመን የተጻፈውን እንይ። አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ በገንዘብ እጥረትና በመንግሥታት ሽኩቻ ሥራው ዓመታት ቆመ። እንደገና ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ገባ። አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ ሌላ ሁለት ዓመት ፈጀ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ከዋና ከተማዋ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ አቃቂ ወንዝ አጠገብ ነበር የሚያበቃው።

ይህን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትለፉት። ሐዲድ የሚያበቃበት ቦታ ምን እንደሚመስል አስቡት። ዕቃ ይወርዳል፣ የሚሸከም ይፈለጋል። የቀረው መንገድ በአጋሰስና በእግር ነውና አህያና በቅሎ የሚያከራይ ይመጣል። የመሸበት እንግዳ የሚያድርበት ይፈልጋል፣ የሚበላው ይፈልጋል። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃና ያለ ማገዶ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ውሃ የሚቀዳና እንጨት የሚፈልጥ ያስፈልጋል። በባቡር መንገዱ ላይ ያሉ ከተሞች ሁሉ የተወለዱት እንዲህ ነው። የከተማ ልደት ብለን በዓል የምናደርገው መሐንዲሱ ካርታ የዘረጋበትን ቀን ነው እንጂ፣ አንዲት ሴት ጣቢያው አጠገብ ጠላ ጠምቃ የሸጠችበትን ቀን አይደለም። ለነዋሪው ግን ከተማው የተጀመረው በሁለተኛው ቀን ነው።

ወደ 1920ዎቹ እንምጣ። የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ የተሠራው አንሳልዶ በሚባል የጣሊያን ኩባንያ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት አቤቱታውን ለዓለም ያሰማው በዚሁ በጣሊያኖች እጅ በተሠራ ጣቢያ ነበር። በአቃቂ የአውሮፕላን ማረፊያም ነበረ፤ በ1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች መጥተው ደብድበውታል። እነዚህን ሁለት ነገሮች የጦርነት ታሪክ የሚጽፉ ሁሉ ያነሧቸዋል። ማረፊያው ሲደበደብ በዙሪያው ያለው ገበሬ ከብቱን ወዴት እንደነዳ፣ ልጆቹን የት እንዳስጠጋ ግን የጻፈ የለም።

ከነፃነት በኋላ የመጣው ትልቁ ነገር ጨርቃ ጨርቁ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ የሕንዱ የቢርላ ቤተሰብ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር በሽርክና የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን አቃቂ ላይ አቆመ። ሕንዶች ዛሬም ይህን ፋብሪካ ኢንዱስትሪያቸው ከአገራቸው ውጭ ከከፈታቸው የመጀመሪያ ሽርክናዎች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። እስቲ አስቡት፤ በሕንድ የንግድ ታሪክ ውስጥ አቃቂ ቦታ አላት። በእኛ የሠራተኛ ታሪክ ውስጥ ግን የመጀመሪያዎቹ ፈታዮችና ሸማኔዎች ስም ዝርዝር የት እንዳለ ብትጠይቁ ቶሎ የሚመልስ አታገኙም። በ1955 ዓ.ም. የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም፣ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ፋብሪካዎች ከዚያም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረሱ፣ ኋላም የመለዋወጫና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ሲመጡ፣ የአቃቂ ሰው የእያንዳንዱ ለውጥ ምስክር ነበር። ምስክርነቱን ግን የተቀበለው የለም።

የፋብሪካ ከተማ የዕለት ኑሮ የራሱ ሰዓት አለው። ሰዓቱ ፈረቃ ነው። ማታ የሚገባ አለ፣ ንጋት ላይ የሚወጣ አለ። ቀን የሚተኛ አባት ያለበት ቤት ልጆች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያድጋሉ። የሱቁ ዱቤ የሚከፈለው በደሞዝ ቀን ነው፤ ዕቁቡ የሚጣለውም በዚያው ቀን ነው። ሠርግ የሚቀጠረው፣ ቤት የሚታደሰው፣ ጠብ የሚነሣው ሁሉ ደሞዝን ተከትሎ ነው። በፈትል ክፍል የሠራች ሴት ከሳንባዋ የጥጥ ብናኝ ጋር ጡረታ ትወጣለች። ከፋብሪካው በር ውጭ ደግሞ ሌላ ፋብሪካ አለ፦ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ቆሎ የሚቆሉ፣ ጠላና አረቄ የሚያወጡ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ ሠራተኛ እናቶች ፈረቃ ሲገቡ ልጅ የሚጠብቁ ሴቶች። ከውስጥ ያሉት ቢያንስ የደሞዝ መዝገብ ላይ ስማቸው ሰፍሮ ነበር። ከውጭ ያሉት ስማቸው የተጻፈበት አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱም የዕድር መዝገብ ነው።

ወደ መዝገቡ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ እሾህ መንቀል አለብን።

ስለ አቃቂ ቀደምት ነዋሪዎች ይጻፍ ስትሉ ወዲያው የሚነሣ ጥያቄ አለ። ቀደምቱ ማን ነው? ዘንድሮ ይህ ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አይቆይም፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይሞላ የይዞታ ጥያቄ ይሆናል። አንዱ ወገን አቃቂን የባቡር ልጅ ያደርጋታል፤ ከጣቢያው በፊት ሜዳ ነበረ ይላል። ሌላው ወገን ከጣቢያው በኋላ የመጣውን ሁሉ እንግዳ ያደርገዋል። ሁለቱም የየራሳቸውን ግማሽ ይዘው ሙሉውን አለን ይላሉ።

ሜዳ ነበረ የሚለው ውሸት ነው። አገሩ የቱለማ ኦሮሞ፣ በተለይም የገላን ጎሳ አገር ነው። ይህን ለማወቅ መዝገብ ቤት መግባት አያስፈልግም፤ የቦታዎቹን ስም መጥራት ይበቃል። ገላን ዛሬም ገላን ናት። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ሐዲዱ ያለፈው ሰው ባረሰው መሬትና ከብት በዋለበት መስክ ላይ ነው፤ ፋብሪካውም የቆመው እዚያው ላይ ነው። የአቃቂ ታሪክ የገበሬውን ምዕራፍ ዘሎ ከጣቢያው ከጀመረ፣ የመጀመሪያው ገጽ የተቀደደ መጽሐፍ ነው።

እንግዳ ናቸው የሚለውም እንዲሁ ነው። በባቡር መጥቶ ሐዲድ ሲጠግን የኖረ፣ ከወሎ ወይም ከጉራጌ ወይም ከጋሞ መጥቶ ሦስት ትውልድ የቀበረ ሰው የት ሄዶ የአገር ልጅ ይሁን? አቃቂ ውስጥ አያቱ አማርኛ፣ እናቱ ኦሮምኛ የምትናገር፣ እሱ ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚቀላቅል ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። የእሱን ታሪክ በየትኛው ወገን ዶሴ ውስጥ ልታስቀምጡት ነው?

በዚህ ጉዳይ ሩቅ አገር ሄደን የምንማረው ነገር አለ። በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፣ ነብራስካ በምትባለው ግዛት፣ የባቡር ኩባንያ በዘረጋው አንድ መስመር ላይ ያሉት ከተሞች ስም በላቲን ፊደል ተራ ነው የሚሄደው፦ ክሪት፣ ዶርቼስተር፣ ኤክሰተር፣ ፌርሞንት፣ ግራፍተን፣ ሃርቫርድ እያለ። እንደ መጋዘን መደርደሪያ ስም አወጡላቸው። በዚያ አገር ትንሽ የሚባል ከተማ እንኳ የራሱ የታሪክ ማኅበር አለው። የመጀመሪያው ሱቅ የዱቤ ደብተር፣ የትምህርት ቤቱ ፎቶ፣ የመቃብሩ ዝርዝር፣ የአንዲት ገበሬ ሚስት የዕለት ማስታወሻ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ይቀመጣል። የሕዝብ ቆጠራ ቅጾቻቸው የእያንዳንዱን ቤተሰብ ስም እንደያዙ ከ72 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ክፍት ይሆናሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የተካሄደው ቆጠራ በ2022 ተከፍቷል። የልጅ ልጅ አያቱ በየትኛው ቤት፣ በምን ሥራ፣ ከማን ጋር ይኖር እንደነበር ቁጭ ብሎ ያነባል።

ይህን ስሰማ እቀናለሁ። ግን እዚያም ገጽ ተቀድዷል። ብዙዎቹ የከተማ ታሪኮች "የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች" ብለው ነው የሚጀምሩት። ከሰፋሪው በፊት በነብራስካ ሜዳ ላይ በቆሎ ያለማና ጎሽ ያድን የነበረው የፓውኒ ሕዝብ፣ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ አገሩን ለቆ ዛሬ ኦክላሆማ ወደምትባለው ግዛት እንዲሄድ ተደርጓል። የሱቁን የዱቤ ደብተር በጥንቃቄ ያስቀመጠ ከተማ፣ ያንን ሕዝብ በአንድ አንቀጽ አልፎት ዘመናት ቆየ። ዛሬ ልጆቻቸው ያንን ክፍተት ለመሙላት ይለፋሉ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ምስክር ከየት ይመጣል?

እኛ ከእነሱ የምንሻልበት አንድ ዕድል አለን። የእኛ ምስክሮች ገና በሕይወት አሉ። ከፋብሪካው የመጀመሪያ ሠራተኞች መካከል ያሉ አዛውንቶች አሉ። መሬቱ ከተማ ከመሆኑ በፊት አባታቸው ሲያርሰው ያዩ ሽማግሌዎችም አሉ፤ አንዳንዶቹ የሚኖሩት ከዚያው መሬት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቀው ነው። ሁለቱንም በአንድ መዝገብ መጻፍ የምንችለው አሁን ነው። የምንጽፈውም ማን ይውጣ ማን ይግባ ለማለት አይደለም። ታሪክ የይዞታ ካርታ አይደለም። ካርታ አንድ ስም ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ታሪክ ግን ሁሉንም ስም ይችላል።

አሁን ለምን ተጣደፍክ የሚለኝ ይኖራል። የምጣደፍበት ምክንያት ሦስት ነው።

አንደኛው ምክንያት፣ ከተማችን በፍጥነት እየፈረሰች እየተሠራች ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። የኮሪደር ልማቱም የወንዝ ዳር ልማቱም ቀጥለዋል። ልማቱ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ በጭቃ ቤት ውስጥ በጋራ መጸዳጃ የኖረን ሰው እዚያው ኑር ማለት ቅርስ መጠበቅ አይደለም። ግን ሰፈር ሲነሣ የሚነሣው ጣሪያና ግድግዳ ብቻ አይደለም። ነዋሪው በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን ዕድሩም ይበተናል። ድንኳኑና ብረት ድስቱ ይከፋፈላል ወይም ይሸጣል። መዝገቡን ግን የሚካፈል የለም፤ አንዱ ቤት ይቀራል፣ ከዚያ አይጥ ይበላዋል፣ ወይም የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። ከከተማዋ ወጣ ብለን ካየንም በገበሬው በኩል ያለው ከዚህ የባሰ ነው። የአዲስ አበባ መስፋት ያስከተለውን ቁጣ፣ በ2008 ዓ.ም. የተሰረዘውን ማስተር ፕላን፣ በ2011 ዓ.ም. በኮዬ ፈጬ ቤቶች የተነሣውን ውዝግብ እናስታውሳለን። በዚህ ሁሉ መሐል የተነሣው ገበሬ ስንት እንደሆነ የሚቆጠረው በሄክታር ነው። ማን ይባል ነበር? ማሳው ምን ይባል ነበር? ምንጩስ? ይህ በካሳ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት ወንዙ ነው። አቃቂና አዲስ አበባ ግንኙነታቸው የሚገርም ነው። ዋና ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉን የምትስበው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው። በምላሹ ቆሻሻዋን በትልቁና በትንሹ አቃቂ በኩል ትልክላታለች። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙት በአባ ሳሙኤል ነው። ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው፣ ብዙ ዓመት ቆሞ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጣቢያ ያለው እዚያ ነው። እንግዲህ ስለ ወንዙ ብክለት ብዙ ጥናት አለ፤ ጥናቶቹ የሚለኩት ግን ዛሬን ነው። ወንዙ እስከ መቼ ይጠጣ ነበር? ልጆች እስከ መቼ ይዋኙበት ነበር? ዓሣ እስከ መቼ ነበረው? ከብቶች መታመም የጀመሩት የትኛው ፋብሪካ ከመጣ በኋላ ነው? ይህን የሚያውቀው ላቦራቶሪ አይደለም። ልብስ ታጥብበት የነበረች እናት ናት የምታውቀው። የእሷ ቃል ትዝታ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃ ነው። አንድ ቀን ይህ ወንዝ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ከሆነ የመጀመሪያዋ ምስክር እሷ ነበረች። ቃሏን ማን ተቀበላት?

ሦስተኛው ምክንያት ግልጽ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃያ ዓመት ሆኖት ፋብሪካ የገባ ሰው ዛሬ ሰማንያውን አጋምሷል ወይም ዘጠናን እየዘጋ ነው። ከዚህ በላይ ማብራራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንግባ። የዕድር መዝገብ ምን ይዟል? የአባሉን ስም፣ የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን ስም፣ አንዳንዴ አብረው የሚኖሩ እናትና አባትን ጭምር ይዟል። የገባበትን ቀን፣ የወር መዋጮውን፣ ያጎደለበትን ወር፣ የተቀጣበትን ምክንያት ይዟል። ማን መቼ እንደሞተና ለቀብሩ ስንት እንደተከፈለ ይዟል። መዋጮው ከስሙኒ ተነሥቶ የት እንደደረሰ ስታዩ የኑሮ ውድነትን ታሪክ ከማንም ባለሙያ በላይ ይነግራችኋል። በአንድ ወር ብዙ ቀብር ካለ ወረርሽኝ አልያም ሌላ መከራ ነበረ ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ ድንገት መዋጮ ካቆመ፣ ወይ ተባርሯል ወይ ተሰዷል። ከዳር አገር የመጣ ሰው ያለ ዘመድ ሲሞት ማን እንደቀበረው ታነባላችሁ፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው አባባል በቁጥርና በፊርማ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

መዝገቡ የሚናገረው በጻፈው ብቻ አይደለም፤ በዘለለውም ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ልጁ የተገደለበት ቤተሰብ በይፋ ማልቀስ ተከልክሎ ነበር። ድንኳን አልተተከለም፣ ንፍሮ አልተቀቀለም። እንግዲህ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የነበሩትን ገጾች ስትገልጡ፣ የምታዩት ባዶ ቦታ ራሱ ታሪክ ነው። ያንን ባዶ ቦታ የሚያነብላችሁ ሰው ግን ያስፈልጋል። የዕድሩ ዳኛ ወይም ጸሐፊው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ "እዚህ ጋ የእገሌ ልጅ ነበረ" ሊላችሁ ይገባል። መዝገቡ ያለ ሰውየው ግማሽ ነው፤ ሰውየውም ያለ መዝገቡ ግማሽ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሐውልት አይደለም። ሙዚየም ይገንባልን እያልኩም አይደለም፤ ሙዚየም የተባለ ሁሉ መሠረት ድንጋይ ተጥሎለት ሣር ሲበቅልበት ስላየን። የምጠይቀው አራት ርካሽ ነገር ነው።

1. አንድ ሰፈር ለልማት ሲለይ፣ ቤቶቹ ከመለካታቸው ጋር የዕድሮቹ መዝገብ ፎቶ ይነሣ። አንድ ቅጂ ለዕድሩ፣ አንድ ለክፍለ ከተማው፣ አንድ ደግሞ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይግባ። ዋናው መዝገብ ከባለቤቱ እጅ አይውጣ። የሰው የግል ጉዳይ ስላለበትም በሕይወት ያሉ ሰዎች ገጽ ያለ ፈቃዳቸው ለማንም አይከፈት።

2. በአቃቂ ቃሊቲ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለታሪክ ትምህርት አንድ ሥራ ይሰጣቸው፦ አንድ አዛውንት፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ የስልክ ቅጂ። በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን። ከተማ ውስጥ ያለው ተማሪ ከተማው ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን፣ ገላንና ቱሉ ዲምቱ ዙሪያ ያለውን ገበሬም ይጠይቅ።

3. የተዘጉም ሆነ ባለቤት የቀየሩ ፋብሪካዎች የቆዩ የሠራተኛ ፋይሎች በኪሎ አይሸጡ። ይህ ለታሪክ ብቻ አይደለም፤ ጡረታውን ለማስከበር የአገልግሎት ዘመኑን ማስረዳት ያቃተው ስንት ሰው አለ!

4. የባቡር ጣቢያው አካባቢ ያሉ የድሮ ቤቶች ከመነካታቸው በፊት ማን እንደኖረባቸው ይጻፍ። የድሮው ባቡር ቆሟል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በራሱ መስመር ነው የሚሄደው። የድሮው ጣቢያ ሠራተኞች ከሌሎች በፊት የሚረሱት ለዚህ ነው።

"ሰው ዳቦ ባጣበት ዘመን መዝገብ ትላለህ" የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴ ግን ዳቦው ራሱ መዝገብ ይፈልጋል የሚል ነው። ካሳ የሚጠየቀው በመዝገብ ነው። ጡረታ በመዝገብ ነው። ወንዝ በከሉብን ብሎ ለመክሰስ መዝገብ ያስፈልጋል። ባለሥልጣን መጥቶ "እዚህ ማንም አልነበረም" ሲል አይደለም ለማለትም መዝገብ ያስፈልጋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ስሙ ያልተጻፈ ነዋሪ ደግሞ ለመናቅ ቅርብ ነው።

ደግሞም መንግሥትን ብቻ አንጠብቅ። ይህን ከምታነቡት መካከል ከአቃቂ የወጣችሁ ብዙ ናችሁ፤ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ዱባይ፣ ዋሽንግተን ያላችሁ። እናታችሁ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ፈረቃ እንደገባች ታውቃላችሁ? አባታችሁ መጀመሪያ የተከራየው ክፍል የማን ነበር? ሰፈራችሁ አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከማን ነው? ከእሱ በፊትስ ምን ይባል ነበር? ለበዓል ስትደውሉ "ደኅና ናችሁ" ከሚለው ቀጥሎ ከእነዚህ አንዱን ጠይቁ፤ ስልኩ እየቀዳ ይሁን፣ እነሱም መቀዳታቸውን ይወቁ። የዕድር ጸሐፊ የሆናችሁ ደግሞ መዝገቡን ከወለል ላይ አንሡት፤ እርጥበት የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት፤ ገጹን አንድ በአንድ በስልክ አንሥታችሁ ለሌላ አንድ የታመነ አባል ስጡ። ይህን ለማድረግ ስብሰባ አያስፈልገውም።

በኅዳርና በጥር፣ በሠርግና በለቅሶ የተሰበሰበ ሰው የሠራት ከተማ ናት አቃቂ። ሐዲዱ ባይኖር ኖሮ ሌላ ቅርጽ ይኖራት ነበር፤ ፋብሪካው ባይኖር ኖሮ ሌላ ሽታ። ሰው ባይኖር ግን ምንም አትሆንም ነበር። ስማቸው የሚገባበት ገጽ ገና ባዶ ነው፤ ብዕሩም አሁን በእኛ እጅ ነው።

አስተያየታችሁን፣ የምታውቁትን የአቃቂ ታሪክና የድሮ ፎቶ ላኩልን። የማን እንደሆነና መቼ እንደተነሣ መጻፍ አትርሱ።

ቸር ያሰንብተን።